ጨርቁ ጠቆረ፣ ግን ከምን?

ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ላስለጥፍ ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ጎማዬ በሃያ ደቂቃ አልቋል። ያቆየኝ ሙግት ነው።

ጎሚስታው በር ላይ አራት ያገለገሉ የቪትዝ ቸርኬዎች ተደርድረዋል። ጎማ የላቸውም፣ ባዷቸውን ናቸው። የቸርኬዎቹ ባለቤት በሰው በሰው አግኝቶ የገዛቸው ናቸው። የእህቱ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ መኪናው ከአጃቢዎቹ ጋር ልትሰለፍ ነው። ሻጩ "ኦሪጅናል አሉሚኒየም ነው፣ ትንሽ ካሸኸው መስታወት ነው የሚሆነው" ብሎታል። እሱም አምኖ፣ በፌስታል ብራሶ የሚባለውን የብረት ማብሪያና ጥቂት ቅጠል የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጥቷል።

እዚያው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሁለተኛው ከጎን ካለው ጋራዥ ቡና ሊጠጣ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው። ቱታው ላይ የሌለ ቀለም የለም።

ጋሼ ጀመሩት።

"ፍቀው ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ? አሉሚኒየም ነው። እኔ የመኪናዬን ነዳጅ ታንክ በብራሶ አሽቼ፣ እሱን እያየሁ ጢሜን ተላጭቻለሁ።"

"ጋሼ፣ ታንኩ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" አለ ቀለም ቀቢው። "ታንኩ ራቁቱን ነው። ይሄ ግን ክሊር አለው። ፋብሪካው ሲልቨር ቀለም ቀብቶ፣ በላዩ ውስጡን የሚያሳይ ሽፋን ደርቦበታል። በብርጭቆ ወረቀት ሲነኩት የሚፍቁት እሱን ነው። ብረቱ ጋ ሳይደርሱ ያደበዝዙታል።"

"እናንተ ደግሞ የምታዩት ሁሉ ክሊር ነው።"

"እንግዲያው ይፈቅ። ነገ ለማስቀባት እኔው ጋ ነው የሚመጣው። ለእኔ ገበያ ነው።"

ባለቤቱ አንዴ ጋሼን፣ አንዴ ቀለም ቀቢውን ያያል። ጎሚስታው ከመኪና ሥር ሆኖ "ሞክሩታ! በአፍ ነው እንዴ የሚያብረቀርቀው?" አለ።

ጋሼ ከአሮጌ ነጭ ካናቴራ የተቀደደ ጨርቅ ተቀበሉ። ብራሶ ጠብ አድርገው ቅርባቸው ያለውን ቸርኬ አሹት። ጨርቁ ከሰል መሰለ።

"ጠቆረ! አየህ? ጠቆረ!" ብለው እንደ ባንዲራ ከፍ አደረጉት።

ዘዴው ትክክል ነው። ራቁት አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ብራሶ ያንን ሽፋን ከጥቂት ብረት ጋር ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ክሊር ያለው ቸርኬ ግን ብራሶውን ከብረቱ ጋር አያገናኘውም፣ ስለዚህ ጨርቁ አይጠቁርም። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ልክ ናቸው።

ቀለም ቀቢው ግን ሳቀ። "ጋሼ፣ ቸርኬው መቼ ታጠበ? ይሄ እኮ የፍሬን ሸራ ዱቄት ነው!"

ይህንን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራውና ዲስኩ ይፈጫሉ። ከዲስኩ የሚወጣው ትኩስ የብረት ብናኝ ቸርኬው ላይ ይጣበቃል፤ ሲቆይም ሽፋኑ ውስጥ ይሰነቀራል። እሱም ቢሆን ጨርቅ ያጠቁራል። ስለዚህ ሳይታጠብ የተሞከረ ሙከራ አልተሞከረም ማለት ነው።

ከላቫጆው አንድ ልጅ ጠርሙስ ይዞ መጣ። "አሲድ ላድርግበት? ባንዴ ነው የሚያነጣው።" ጋሼና ቀለም ቀቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው በአንድ አፍ ጮኹበት። እውነታቸውን ነው። የሽንት ቤት አሲድ ራቁት አሉሚኒየምን ይበላል፤ የሚተወው ጭጋግ የመሰለ ነጭ እድፍ በውሃ አይለቅም። የቧንቧ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳማ ይብሳል፣ አሉሚኒየሙን እያፈላ ነው የሚበላው። ልጁ ጠርሙሱን ይዞ ተመለሰና ሳሙናና ውሃ አመጣ።

አራቱም ታጠቡ፣ ደረቁ። ቀለም ቀቢው አንድ ነገር ጨመረ፦ ሙከራው ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ሰው በማያየው ቦታ ይሁን። ቢበላሽም እዚያው ይቀራል። ታዲያ ኋላው ራሱ ቀለም የነካው ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። "ፊቱ ላይ ከቡሎኑ ጉድጓድ አጠገብ ሞክር" አለኝ። ጥሩ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ቸርኬ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቆረ። ጋሼ አሸነፉ። ከዚህ በፊት አንዱ ክሊሩን ልጦ፣ ብረቱን በእጁ አሽቶታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀለም ቀቢው አሸነፈ። ሦስተኛው ላይ፣ ጎማው ሚዛን እንዲይዝ የሚደረገው የባላንስ እርሳስ ተሰክቶበት ከነበረው ጠርዝ አጠገብ፣ ከክሊሩ ሥር ነጭ ትል የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይሄዳሉ። እርሳሱ ሽፋኑን ሰብሮ እርጥበት አስገብቷል፤ አሉሚኒየሙ ከውስጥ እየተበላ ነው። ይሄ በብራሶ አይወጣም። ከላይ ምንም ብታሸው ትሉ ያለው ከሥር ነው።

እዚህ ላይ ቀለም ቀቢው ሞቅ ብሎት ሌሎቹን ዓይነቶች መዘርዘር ያዘ። ክሮም ከሆነ በጭራሽ ወረቀት አይነካውም አለ፤ ከላይ የምታየው ክሮም ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፣ ሥሩ ኒኬል ነው፣ አንዴ ከተላጠ መልሰህ አታሸውም። ፊቱ በቶርኖ የተላገ ከሆነ ደግሞ ጠጋ ብለህ ስታየው እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ ቀለበት ቀለበት መስመር አለው። እሱን ከፈቅከው መስመሩ ይጠፋል፤ ውበቱ ደግሞ መስመሩ ነበር።

ጋሼ ይሄን ሁሉ አልሰሙም። አራተኛውን አንስተው ያገላብጣሉ። ከሁሉም የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ጨርቁ ላይ ጥቁርም ነጭም አልወጣም፣ ግራጫ ወጣ። ራሱ ሲልቨሩ ነው የለቀቀው።

"ቲነር አምጡ" አለ ቀለም ቀቢው። ድምፁ ተለውጧል። የፋብሪካ ክሊር በሙቀት የደረቀ ስለሆነ በቲነር ጠረግ ቢያደርጉት አይሟሟም። በቆርቆሮ ስፕሬይ የተቀባ ግን ወዲያው ይለሰልሳል። ሁለቴ ጠረገው። ሲልቨሩ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

ጋሼ አውራ ጣታቸውን በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። "እዚህ ጋ ምን አለ?" አሉ። ቲነር ተጨመረ። ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ፤ ተሞርዶ፣ ተስተካክሎ፣ ተቀብቶ።

ጎሚስታው ከመኪናው ሥር ወጣ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተናገሩ።

ጋሼ ይመለስ ይላሉ። ቀለም ቀቢው ሻጩ አይመልስም፣ ተጠባባቂ ይሁን ይላል። ጎሚስታው ደግሞ ስንቱ በተበየደ ቸርኬ ይነዳል፣ አየር ከያዘ ምን ችግር አለው አለ። ባለቤቱ ስለ ሰርጉ ብቻ ነው የሚያስበው፦ "ኧረ ለአንድ ቀን እኮ ነው!"

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጎሚስታው ተሳስቷል። ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቸርኬ አቅልጦ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ በሙቀት አክሞ ያጠነክረዋል። ብየዳ ዙሪያውን መልሶ ያለሰልሰዋል። አየር መያዙ ጉድጓድ ሲመታ ይችላል ማለት አይደለም። ተጠባባቂም አይሆንም። ተጠባባቂ ጎማ የሚገጠመው ሰው ሲቸኩልና ሲመሽበት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ብየዳው ማን ያስታውሳል?

በዋናው ሙግት የምፈርደው ለቀለም ቀቢው ነው። አራቱንም አውቆ አይደለም። ክሊር አለው ብለህ ብትሳሳት የሚባክነው አንድ ባልዲ ውሃ ነው። የለውም ብለህ ፍቀህ ብትሳሳት ግን የፋብሪካውን ሽፋን ማንም አይመልስልህም። ደግሞም ራቁት ብረት ማሸት አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በ400 ቁጥር ወረቀት በውሃ ጀምረህ፣ 600፣ 800፣ 1000 እያልክ እስከ 2000 ወጥተህ ካበራኸው በኋላ አንድ ክረምት ያደበዝዘዋል። ጋሼ ታንካቸውን በየሳምንቱ ያሹ እንደነበር በኋላ ራሳቸው ነግረውናል።

አንድ ነገር ግን አልክደውም። ቀለም ቀቢው አራተኛውን ቸርኬ ከሁሉ በፊት አይቶ "ይሄ ንጹሕ ነው" ብሎ ወደ ጎን አድርጎት ነበር። ብየዳውን ያገኙት ጋሼ ናቸው፣ በጣታቸው።

ባለቤቱን የመከርኩት ይሄን ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሳሙና እጠብ፣ ለመኪና አካል በሚሆን ስስ ኮምፓውንድ አብራ፣ ሰም ቀባ፤ ትሉን ከሰርጉ በኋላ ታስበዋለህ። ራቁቱን ለቀለም ቀቢው ስጠው። አሉሚኒየም ላይ የሚይዘውን የሥር ቀለም፣ አንቲሩጂን፣ አስቀድሞ፣ ሲልቨርና ክሊር ያድርግበት፤ ሦስት ሲልቨር መሀል አንድ መስታወት ዓይን ይወጋል። ለአራተኛው ስልክህን አውጣ።

አወጣ። ሻጩ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት በአራተኛው አነሳ። የተባባሉትን አልሰማሁም፣ እየተናገረ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረ። ቀለም ቀቢው ራቁቱን ቸርኬ ታቅፎ ወደ ጋራዡ ገባ። ብራሶው ጋሼ ጋ ቀረ። የብርጭቆ ወረቀቱን ደግሞ ጎሚስታው ወሰደው፤ ካላማደሪ ሲለጥፍ መሻከሪያ ይሆነዋል።