ክርክር፦ ጌም ሠሪ ከአድናቂው ጋር ይጋጠም?

ጌም የሚሠሩ ሰዎች ከአድናቂዎቻቸው ጋር በኦንላይን የወዳጅነት ግጥሚያ ማድረጋቸው ለጌሙ ይጠቅማል ወይስ ለታይታ ነው? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። ፕሮግራመሩ የተኩስ ጌም ይሠራል፤ ይጠቅማል ባይ ነው። ተጫዋቿ ያንኑ ጌም የሚጫወት ቡድን አለቃ ናት፤ ለታይታ ነው ትላለች።

ፕሮግራመሩ፦

እውነቱን ለመናገር ይህ ለምን እንደሚያከራክር አልገባኝም። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጥር ሞልቷል። የትኛው መሣሪያ ስንት ሰው ገደለ፣ ከየትኛው ካርታ ላይ ሰው ጥሎ ይወጣል፣ ሁሉም ይመዘገባል። ቁጥር ግን ሁሉን አይናገርም። አንድ ምሽት ከአንድ ቡድን ጋር ስንጋጠም ከመነሻ ክፍላችን መውጣት አቃተን። ልጆቹ ገና ቆጠራው እንዳለቀ ቦምብ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። ቦምቡ የመጋዘኑ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ይነጥርና ልክ በሩን ስንከፍት እግራችን ሥር ይፈነዳል። እነሱ እኛን አያዩንም፤ ማየትም አያስፈልጋቸውም። መዝገቡ ላይ “በቦምብ ሞተ” ይላል፣ በቃ። እኛ ግን እየሞትን አየነው። በማግስቱ ጠርዙን ቆርጠን ፓች፣ ማለትም የጌሙን ማስተካከያ፣ ለቀቅን።

አዲስ ነገርም አይደለም። ቡንጂ የተባለው ስቱዲዮ ሄሎ የሚባለውን የተኩስ ጌም በሚሠራበት ዘመን ሃምፕዴይ ቻሌንጅ የሚባል ግጥሚያ ነበረው። ረቡዕ ረቡዕ ከውጭ ቡድኖች ጋር ይጫወቱ ነበር። በ20 ነጥብ የተረታ ስቴክ ይጋብዛል የሚል ውርርድም ነበራቸው። ውርርዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሄሎ 3 ውስጥ ስቴክታኩላር የሚባል ሜዳሊያ ሆኖ ገባ።

ደግሞ ደስ ይላል። እኛ ብንሸነፍ እንኳ ደስ ይለናል።

ተጫዋቿ፦

“ብንሸነፍ እንኳ ደስ ይለናል።” እስቲ አንባቢ ይህችን ልብ ይበልልኝ። እኛ ስንሸነፍ ደስ አይለንም። ግጥሚያ አለ ከተባለ እንቅልፍ የለም፤ አንዱ ፈረቃ ይቀይራል፣ ሌላው ከሚስቱ ጋር ይኳረፋል። ተሸንፎ ደስ የሚለው የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ብቻ ነው። እናንተ መጥታችሁ፣ ስቃችሁ፣ “ጂጂ” (ጥሩ ጨዋታ ነበር) ጽፋችሁ ትወጣላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቪዲዮው ተቆራርጦ ማስታወቂያ ይሆናል። እኛ ያለ ክፍያ የተወንንበት ማስታወቂያ።

ደግሞስ መቼ ነው እኩል የተጫወታችሁት? ቲም ፎርትረስ 2 የተባለው ጌም ላይ ከሠሪዎቹ አንዱ፣ የቫልቩ ሮቢን ዎከር፣ ተራ ተጫዋች ሊያገኘው የማይችል ሮኬት ማስወንጨፊያ ነበረው። ኡልቲማ ኦንላይን ገና ሙከራ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1997፣ የጌሙ ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪዮት የጌሙን ንጉሥ ሎርድ ብሪቲሽን ሆኖ ሕዝብ ፊት ቀረበ። ገጸ ባሕሪው እንዳይሞት ተደርጎ ነበር። ሰርቨሩ ወድቆ ከተነሳ በኋላ ግን ያንን መከላከያ መልሶ ማብራት ተረሳ። አንድ ተጫዋች እሳት ለቀቀበት፣ ንጉሡም ሞቱ። ተጫዋቹ ከሙከራው ታገደ። ኩባንያው ያገድነው በሌላ ጥፋት ነው አለ። እሺ፣ እናምናለን።

ቅርርቡም የራሱ ጣጣ አለው። የኢቭ ኦንላይን ሠሪ የሆነው ሲሲፒ ውስጥ አንድ ሠራተኛ አብሮት ለሚጫወተው ኅብረት ብርቅ የዕቃ መሥሪያ ንድፎች መስጠቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጋለጠ። ኩባንያው የገዛ ሰዎቹን የሚመረምር ክፍል እስከማቋቋም ደረሰ። እርስዎ ግን ምንም የሚያከራክር ነገር አይታይዎትም።

ፕሮግራመሩ፦

ሎርድ ብሪቲሽን ምን አመጣው? እሱ ግጥሚያ አልነበረም። ንጉሥ ለሕዝቡ ሊናገር ወጥቶ ተቃጠለ፣ አለቀ። የዎከርም ሮኬት ቀልድ ነው። ተራ መሣሪያ ነው ብሎ የተሸወደ ሰው የለም።

“የሚያጣው የለም” ላሉት ግን ዝም አልልም። እኛ የምንገባው ስማችን ከጭንቅላታችን በላይ ተጽፎ ነው። ስንሞት ቻቱ ይጥለቀለቃል። “የሠራኸውን አታውቀውም እንዴ?” ይሉናል። ሙድ ይያዝብናል። በማግስቱም እንደገና እንገባለን። ይህን ለታይታ ብሎ የሚያደርግ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ብሩታል ሌጀንድንም ይመልከቱ። ከጌሙ ፈጣሪ ከቲም ሼፈር ጋር የተጫወተ ሰው ልዩ ስኬት ይመዘገብለታል። ከዚያ ሰው ጋር የተጫወተም ያገኘዋል፤ ከእሱ ጋር የተጫወተም እንዲሁ። እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ተዛመተ። ማስታወቂያ ነው? ይሁን። ማንን ጎዳ?

ተጫዋቿ፦

ስለ ኢቭ ትንፍሽ አላልክም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። (“አንተ” ማለቴን ይቅር በለኝ፤ ቻት ላይ የምንጠራራው እንዲህ ነው።)

አሁን ወደዚያች ጠርዝ እንመለስ። ያቺን ቦምብ እኛም እንወረውራታለን። ወረወርናት ልበል እንጂ። የት እንደሚቆም፣ የትኛው የመብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ እንደሚያነጣጠር፣ መቼ እንደምትለቀቅ ማንም አላስተማረንም። በባዶ ካርታ እየዞርን ያገኘነው ነው። በእሷ አሸነፉህ፤ በማግስቱ ጠርዙን ቆረጥክ። ተሸንፎ ደስ ያለው ሰው ጠርዝ አይቆርጥም!

ስትሪት ፋይተር 2 የተባለው የፍልሚያ ጌም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ሠሪዎቹ ምት ከምት ጋር እንደሚቀጣጠል አይተው ነበር። ጊዜው በጣም ጠባብ ስለሆነ ተጫዋች አይችለውም ብለው ተዉት። ተጫዋቹ ቻለው። ዛሬ ኮምቦ (የምት ቅጥልጥል) የሌለው የፍልሚያ ጌም ፈልገህ አምጣልኝ። ሠሪው ካፕኮም በእናንተ ልክ ቢናደድ ኖሮ ይሄን ሁሉ በአንድ ፓች ይቆርጠው ነበር።

ፕሮግራመሩ፦

አልተናደድንም። ይመዝገብልኝ።

ጠርዙን የቆረጥነው ጌሙን ትናንት ለገዛ ሰው ነው። በሩን ይከፍታል፣ ይሞታል፣ ይነሳል፣ ይሞታል። ከየት እንደተመታ እንኳ አያውቅም። ከዚያ ጌሙን ያጠፋዋል። እሱ ቡድን የለውም፤ የሚከራከርለት አለቃም የለውም። ስትሪት ፋይተር ከተነሳ ደግሞ ኩዌክ 3ም ይነሳ። የዚያ የተኩስ ጌም ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ተጫዋቾች በዝላይ ፍጥነት የሚጨምሩበትን ዘዴ ባግ (ስህተት) ነው ብሎ ሊያጠፋው ሞክሯል። የተወው ተጫዋቹን አክብሮ አይደለም፤ ሲያጠፋው ተራው ሩጫ ስለተበላሸበት ነው። ጌሙን ማን ያውቀዋል ለሚለው መልሱ እዚያ አለ።

“ደስ ይለናል” ያልኩት ላይ ደግሞ ችክ አልሽበት። አዎ፣ ደስ ይለናል። ያን ምሽት ግን፣ ካነሳሽው አይቀር፣ ሰርቨሩ የተከፈተው እነሱ ደጃፍ ነበር። የእኛ ፒንግ፣ መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ሰማይ ነክቷል። በእኩል ሜዳ ቢሆን ውጤቱ ሌላ ነበር።

ተጫዋቿ፦

ይኸው! መጣች።

እኛ ግድግዳ ጀርባ ከገባን በኋላ ስንሞትና ስናማርር ምን ነበር የምትሉን? “ሰርቨሩ ተኳሹ ያየውን ለማክበር ጊዜውን በሚሊሰከንዶች ወደ ኋላ ይመልሳል። ስለዚህ ፒንጉ ከፍ ያለ ሰው አይበደልም።” በትዕግሥት፣ እንደ ሕፃን ታስረዱን ነበር። ያ ሕግ እናንተ ስትሞቱ አይሠራም? ደስ ያለው ሰው ፒንግ አይቆጥርም፣ ወንድሜ።

ና እንግዲህ። ተራ አካውንት፣ የስቱዲዮው ስም ሳይለጠፍ። ሰርቨሩ ከሁለታችንም እኩል ይራቅ። ካርታው የድሮው ይሁን፣ ከነጠርዙ። ቪዲዮ የለም። ያኔ ማን ጌሙን እንደሚያውቀው እናያለን።

ፕሮግራመሩ፦

ለታይታ ነው ስትዪ አልነበር? ግድ የለም፣ እመጣለሁ። አካውንቱን እሺ። ቪዲዮም ይቅር።

ግን ሳታጣሪ አትናገሪ። ጊዜው ወደ ኋላ የሚመለሰው ለጥይት ነው። ለሚወረወር ቦምብ አይሠራም፤ ያ ምሽት ደግሞ ቦምብ ነበር። ሰርቨሩን መሃል ማድረግም ሁሉን እኩል አያደርግም። ጥግ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ከጥግ ብቅ የሚለውን ዘግይቶ ነው የሚያየው። የእናንተ ቡድን ሥራው ብቅ ማለት ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን። ስለዚህ ዙር በዙር ጎን እንቀያየር። ጠርዙን ግን እርሺው፣ አልመልስም።

ተጫዋቿ፦

ገና ሳንገባ ምክንያት ደረደርክ። ጎን መቀያየሩን ተቀብያለሁ። ጠርዙን ይዘህ ና።