ያን ሳቅ ይቅር አልልም

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ያላችሁ ሐበሻ ወገኖቼ፣ የዛሬው ንግግሬ ከእናንተ ጋር ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ቡና እየጠጣን አንዱ ስልኩን አዙሮ ቪዲዮ አሳየን። መጤ ይውጣልን የሚለው የደቡብ አፍሪካው ቡድን፣ የኦፕሬሽን ዱዱላ ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ክሊኒክ በር ላይ ቆመው መታወቂያ ይጠይቃሉ። አንዲት ዚምባብዌያዊት ሕፃኗን በፎጣ አዝላ ወረፋ ይዛለች። የልጇን የክትባት ካርድ ዘርግታ አሳየቻቸው። ዞር ብለውም አላዩት። በእጃቸው መንገዱን አመለከቷት። ፎጣዋን አጥብቃ ሄደች። ይኼኔ ከመካከላችን አንዱ «እሰይ! እነዚህማ አብዝተውት ነበር» አለ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? የእኛ ፔፐር፣ ያ የጥገኝነት ወረቀት፣ ከእሷ በምን ይሻላል? ነግ በኔ ማለት የት ሄደ?

ዱዱላ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ሶዌቶ ሲነሳ የሰልፈኛ ቡድን ነበር። በ2023 ፓርቲ ሆነ። «አባሃምቤ»፣ ይውጡልን እያለ የቀሰቀሰው የፓትሪዮቲክ አሊያንስ ፓርቲ መሪም ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ ሚኒስትር ሆኗል። የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ ራሱ በዚያ ምርጫ 40 በመቶ አካባቢ ላይ ወርዶ፣ ከ1994 ጀምሮ ይዞት የቆየውን አብላጫ አጣ። መብራትና ሥራ ማምጣት ያቃተው ፖለቲከኛ ጣቱን ወደ መጤ ይቀስራል። ይሄ ድምፅ ያስገኛል።

በዚያው በ2024 ሶዌቶ፣ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ሕፃናት በመርዝ ሞቱ። ልብ የሚሰብር ሐዘን ነው። ጣቱ ግን ወዲያው ወደ ስፓዛ፣ ወደ ሰፈር ትንንሽ ሱቆች ዞረ። በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ የውጭ ሰው ሱቅ ተዘረፈ፣ ታሸገ። ያኔ ዚምባብዌያዊውን ከሐበሻው ማን ለየ?

ደግሞ እኮ ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ገብቶ ወታደርነት ተማረ እያልን ደረታችንን እንነፋለን። እውነት ነው፣ ያኮራል። የእንግዳ ልጅ ከሐኪም በር ሲባረር የሚስቅ ሰው ግን በዚያ ታሪክ የመኩራት አፍ የለውም።

ዱዱላን ፍርድ ቤት ያቆመው ኮፓናንግ የሚባለው ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር ነው። የጆበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ማንም ተራ ሰው ሌላውን መታወቂያ አምጣ ማለት አይችልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ለእኛም ነው። እኛ ግን ለዚያ ክስ ምን አዋጣን? ለሠርግና ለለቅሶ የማንሰስት ሰዎች ነን። ይህን ሳስብ አፍራለሁ፣ ከራሴ ጀምሮ።

ደክሟችኋል፣ አውቃለሁ። ሌሊት ሱቅ ስትጠብቁ አድራችሁ ስብሰባ መጥራት ይከብዳል። ቢሆንም ዜግነት ያገኛችሁ አላችሁ፤ ተመዝገቡ፣ የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ምረጡ። የቀረነው ለጠበቃ እናዋጣ። ከክሊኒክ የተመለሰች እናት ስናይ ታክሲ ከፍለን ሌላ ቦታ እናድርሳት። ሁላችሁም ትመጣላችሁ ብዬ አልጠብቅም። አራት አምስት ሰው ከተገኘ ግን በሚቀጥለው እሑድ እንጀምራለን።