የሃያ ዓመቱ አያት ቀበቶ

የሶቪየት ጦር ሲነሳ እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ክላሽ ነው። ተራው ወታደር ግን ክላሹን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ ክፍል ተቆልፎበት ይውላል። የዕለት ተዕለት ትግሉ ከቀበቶው፣ ከኮሌታውና ከእግሩ ጨርቅ ጋር ነው።

ጨርቅ ያልኩት ካልሲ ስለሌለ ነው። ፖርትያንኪ የሚባል ቁራጭ ጨርቅ እግሩ ላይ ጠቅልሎ ቦት ጫማውን ያጠልቃል። አጠቃለሉን ካላወቀበት ብዙም ሳይሄድ እግሩ ውኃ ይቋጥራል። እርግጥ ብልሃት አለው፦ አንዱ ጫፍ ሲረጥብ በደረቁ በኩል እንደገና ይጠቀለላል። ጋጋሪን ጠፈር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የሩሲያ ጦር ይህን ጨርቅ እርግፍ አድርጎ ካልሲ እንዲያደርግ የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ሾይጉ ያዘዙት ደግሞ በ2013። ለዚያ ሰፈር ጠፈር ከካልሲ ይቀርብ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ጉድ ግን ቀበቶው ላይ ነው። አገሪቱ መደብ የለሽ ኅብረተሰብ እየገነባሁ ነው ትላለች። የሚኒስትር ልጅም የገበሬ ልጅም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል (የሚኒስትሩ ልጅ ከመጣ ማለቴ ነው)። ወታደሮቹ ግን በዚያችው አንድ ዓይነት ልብስ መደብ ፈጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው የውትድርና ሕግ በኋላ የምድር ጦር ግዳጅ ሁለት ዓመት ሆነ። ምልመላው በየስድስት ወሩ ነው። አዲስ ገቢው «ዱክ» ይባላል፤ መንፈስ፣ ማለትም ሰው ያልሆነ። የመጨረሻው ስድስት ወር ላይ የደረሰው «ዴድ» ነው፤ አያት። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የሃያ ዓመት አያት!

አዲሱ ልጅ ቀበቶውን ትንፋሽ እስኪያጥረው ያጠብቃል። አንዳንድ ቦታ ልኩ የሚወሰደው በጭንቅላቱ ዙሪያ ነው፤ ወገብህ ወፍራም ከሆነ የራስህ ጉዳይ። የአያትየው ቀበቶ ግን ተንዘላዝሎ ከሆዱ በታች ይወርዳል፣ ባለ ኮከቡ የነሐስ ዘለበት ሆን ተብሎ ተቆልምሟል። አያት የኮሌታውን መንጠቆ ፈትቶ ይንጎራደዳል። ዱክ ቢፈታው ጉድ ፈላ! ይህ ሁሉ የትም ደንብ ላይ አልተጻፈም። ከተጻፈው ይልቅ የሚከበረው ግን እሱ ነው።

ኮሌታው ውስጥ ደግሞ ነጭ ጨርቅ በየማታው በእጅ ይሰፋል፤ ጠዋት ሳጅኑ ይፈትሻል። መርፌና ክሩ ኮፍያ ውስጥ ተሰክቶ ይዞራል። ግማሹን ዓለም የሚያስፈራው ጦር ማታ ማታ የልብስ ስፌት ቤት ይመስላል። አያትየውማ ምን በወጣው! የእሱንም ዱክ ይሰፋለታል።

መሰናበቻው ሲደርስ ይኸው ሰውዬ በተራው ስፌት ይወድዳል። ነጭ ገመድ ጎንጉኖ ደረቱ ላይ ያንጠለጥላል። የትከሻ ማዕረጉን እንዲቆምለት ያደነድነዋል። ያላገኘውን ባጅ ሁሉ ይለጥፋል። የፎቶ አልበሙን በካፖርት ጨርቅ ይለብደዋል። መኮንኑ ካየው ስለሚገነጥልበት ሁሉንም ደብቆ ነው የሚሰራው፤ አንዳንዱ የሚለብሰውም ባቡር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ጣጣው ጣቢያዎቹ ላይ እየዞሩ ወታደሩን የሚቆጣጠሩት የጦሩ ፓትሮሎች ናቸው። ያ ሁሉ አያትነት እዚያ ሲደርስ ያበቃል፦ «ጓድ ወታደር፣ ቀበቶህን አጥብቅ!»