አራት ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ላይ ስድስት ሆነን አንድ ሶፍትዌር እንሠራለን። የገበሬዎች ማኅበር በየመጋዘኑ የሚሰበስበውን ጤፍና በቆሎ የሚመዘግብ ነው። ስድስታችንም ጎበዞች ነን። ኮዳችንን የከፈተ ሰው የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈው ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። መስመሩን ከጠርዝ ወደ ውስጥ ለማስገባት አንዱ ታብ ይመታል፤ ሌላው ሁለት ስፔስ፣ ሌላው አራት። አንድ ወንድማችን ደግሞ «የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች ስምንት ነው የሚሉት» ብሎ ስምንት ስፔስ ይገባል። እነሱ የሚሉት ስፋቱ ስምንት የሆነ ታብ መሆኑን ብንነግረው፣ «ዋናው መንፈሱ ነው» አለን። ፋይሉ ከሩቅ ሲታይ በሬ አምልጦ እየጎተተ ያረሰው ማሳ ይመስላል። ደስ ይላል።

ስምምነት የላቸውም ብሎ የሚያማን ካለ ግን ይሳሳታል። ስምምነትስ ሞልቶናል! ባለፈው ዓመት ብቻ ስለ ኮድ አጻጻፍ ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስቱንም ጊዜ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል። መክፈቻ ቅንፍ በመስመሩ ጫፍ ይቀመጥ ወይስ ወደ ታች ይውረድ የሚለው ክርክር በአቦል ተጀምሮ በበረካ ነው ያለቀው። አራት ስፔስ ይሁን ተባለ፤ አጨበጨብን፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረምን፤ ከዚያ ወደየወንበራችን ተመልሰን በየልማዳችን ቀጠልን። ፊርማ የማኅበር ነው፤ ጣት ግን የግል።

ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። የፓይተን የኮድ ቋንቋ ሰዎች በእነሱ አቆጣጠር በ2001 «አራት ስፔስ» ብለው ጻፉ፤ ጉድ እኮ ነው፣ ሰዉም አራት ይጽፍ ጀመር። የጎ ቋንቋ ሰዎችማ ባሱ። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ኮድ አስተካካይ ሠርተው ክርክሩን በሙሉ ለማሽን አስረከቡት። አቀማመጡ የማንም ምርጫ አይደለም፣ መሣሪያውን ግን ሁሉም ይወደዋል ይላሉ አሉ። እንዲህ አድርገው የቡናውን ወሬ ገደሉት።

ከእነሱ ውስጥ ለእኛ የሚቀርበን አፕል ነው። በእነሱው 2014 በአንድ የደኅንነት ኮዳቸው ውስጥ አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋ ተገኘች። ሁለተኛዋ ገባ ብላ ስለተቀመጠች ከላይዋ ካለው «ከሆነ» ሥር ያለች ትመስላለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቅፍ ቅንፍ ስላልነበረ ግን ከሥሩ አልነበረችም። በእሷ ምክንያት ስልኩ የሚያነጋግረው ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን የሚያሳየውን ፊርማ ሳይፈትሽ ያልፍ ነበር። ሌላው ይህን ዝርክርክነት ይለዋል። እኔ ጎጃሜ ነኝና ቅኔ እለዋለሁ፤ ሰሙ ወደ ውስጥ የገባ፣ ወርቁ ውጭ ያደረ።

ቅኔ ካነሣን አይቀር፣ የግቢያችን ጥበቃ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ስንጨቃጨቅ ሰምተው፣ «ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገዳቸው ለየቅል ነው፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ ግን እዚያም ሁለት ቤት ነው፣ እዚህም ሁለት ቤት። ሦስተኛ ቤት ጨምሮ ‹የእኔ ስልት ነው› ያለ ተማሪ የኔታ ፊት አይቆምም» አሉን። ምን ይደረግ፣ እኛ ዲግሪ አለን።

ስፔሱስ ይሁን፤ የምንኮራው በስም አወጣጣችን ነው። የከተማችን ስም በኮዳችን ውስጥ አራት መልክ አለው፦ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። አንባቢ አራቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ኮምፒውተር ግን ሐመሩን «ሐ» እና ሃሌታውን «ሀ» አያምታታም፤ ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት መዝገብ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሦስት ተጨማሪ ከተሞች ቆርቁረናል። አንድ ቀን የመጋዘን ኃላፊው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሪፖርቱ ላይ የባሕር ዳር በቆሎ ሩቡ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሌላው የት ገባ?»

«የትም አልገባም፣ አያ። በሌሎቹ ባሕር ዳሮች ውስጥ አለ።»

ዝም አሉ። ከደስታ ብዛት መሰለኝ።

ባለስምንቱ ወንድማችንም ታሪክ ሠርቷል። አንዲት ቃል ሊያርም 900 መስመር ያለው ፋይል ከፈተ፤ ኤዲተሩ ሁሉንም በእሱ ልማድ አሰልፎ አስቀመጠለት። አሁን የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን «ይህን ማን ጻፈው?» ብትሉት ዘጠኝ መቶ ጊዜ የእሱን ስም ይጠራል።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ተቀጠረች። በሦስተኛው ቀን ኮድ አስተካካይ ገጥማ፣ አንዲት ትንሽ የደንብ ፋይል አስገብታ አመሸች። ጠዋት ስንገባ ፕሮጀክቱ በሙሉ የአንድ ሰው እጅ መስሏል፤ ባሕር ዳርም አንድ ሆናለች። ደነገጥን። ማን ምን እንደጻፈ በዓይን መለየት ቀረ እኮ!

«ማን ፈቀደልሽ?» አልናት።

«እናንተ። አራት ስፔስ ብለን ፈርመናል ብላችሁኝ የለም እንዴ?»

እንግዲያው ቃለ ጉባኤውን አምጪ ተባለች። ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብላ «ባሕር ዳር» ብላ ፈለገች፤ የለም። «ባህር ዳር» አለች፤ የለም። ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፣ «ባህርዳር» ብዬ። ዝም አልኩ። ያልተገኘ ቃለ ጉባኤ አይጸናም ብለን የሠራችውን ወደነበረበት መለስን፤ ስለ አጻጻፍ ለመስማማትም ለሐሙስ ስብሰባ ጠራን።