የስሚንቶውን ሒሳብ የያዘ ሰው መርዶ አይያዝ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጅምር ቤት ዐይታችሁ የማን ነው ብትሉ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ "ዐረብ አገር ያለ ልጅ ነው" የሚል ነው። ቤቱን የሚያስገነባው ግን እዚሁ የቀረ ጓደኛው ነው። ፌሮ የሚያስጭነው፣ ከግንበኛ ጋር የሚጨቃጨቀው፣ ማዘጋጃ ቤት የሚመላለሰው እሱ ነው። ማታ ደግሞ በኢሞ ተደውሎ "እማ ደኅና ናት?" ሲባል መልስ የሚሰጠውም ያው ሰው ነው። እኔ እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ እጅ መግባት የለባቸውም ባይ ነኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተጠራርተው በማለዳ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኖራል። ጅዳ ላለ ልጅ ይህ የሚሆነው እዚያ ያሉ ያገር ልጆች ተሰብስበው ሲያረዱት ነው። እስከዚያው ቤተሰቡ ጓደኛውን ጠርቶ "አደራ፣ ለጊዜው እንዳትነግረው" ይለዋል። ሕመምም እንዲሁ ይደበቃል። ምክንያቱ ደግሞ ከንቱ አይደለም። ኢቃማ፣ ማለትም የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ለለቅሶ ከመጣ መመለሻ የለውም፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅም አሠሪዋ ካልፈቀደላት የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ማግኘቷ ያጠራጥራል። ልማዱን አልነቅፍም።

ችግሩ ወኪሉ ላይ፣ ማለትም ቤቱን የሚያስገነባው ጓደኛ ላይ ነው። ስለ ስሚንቶ እውነቱን፣ ስለ እናት ውሸቱን እንዲናገር ተፈርዶበታል። ይባስ ብሎ እናትየው ሆስፒታል ስትገባ በቅርብ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ የቤቱ ነው። ሕክምናው ከዚያ ይከፈልና ሒሳቡ ላይ "ፌሮ" ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልሰረቀም። ነገር ግን ልጁ እውነቱን የሰማ ቀን ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚያደርገው የድሮ ደረሰኞችን መልሶ ማገላበጥ ነው። "ስለ እናቴ የዋሸኝ ስለ ብሎኬቱ እውነት ነግሮኛል?" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሒሳቡ እንኳ ብቻውን በቂ ጭቅጭቅ አለበት። ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከጅዳ የሚላከው ያው ሪያል በብር ሲመነዘር ብዙ ሆነ። ላኪው በዚህ ብር ቤቱ ያልቃል ብሎ ያስባል። እዚህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ይህን ለማስረዳት ያልተበላሸ መተማመን ያስፈልጋል።

ሕጉም ቢሆን ጓደኝነትንና ውክልናን አይቀላቅልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ንብረት እንዲጠብቅ፣ ዕዳ እንዲሰበስብ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲያከራይ ይፈቅድለታል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ወይም ለመክሰስ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ ማቅረብም ግዴታ ነው። ጓደኛን ሒሳብ መጠየቅ ነውር የሚመስለን በነፃ ስለሚሠራልን ነው። ስለዚህ ይከፈለው። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሲጠየቅ አይቀየምም፤ እሱም ድካሙን በሆዱ አይቆጥርም።

ሁሉን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በ2014 አይተናል። ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልክ ጠፋ። ወኪሉ ሲጠፋ የገንዘቡም የቤተሰቡም ወሬ አብሮ ጠፋ። ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸ ሌላ ዘመድ ቁጥር የነበረው ነው ከዚያ በኩል ጭላንጭል ያገኘው።

የቤተሰቡን ወሬ የሚይዝ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጎት አለ፣ የቅሬው (የዕድሩ) ሰብሳቢ አለ። ቅሬው ቀብሩንም ለቅሶውንም የሚሸከም ነው፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከማንም በላይ ያውቃል። የሕክምና ገንዘብም በዚሁ ሰው እጅ ለብቻው ይቀመጥ፤ ጥቂት ቢሆንም ከቤቱ ሒሳብ ጋር አይነካካ።

ጅዳ ያለኸው ወንድሜ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ማን በምን መንገድ እንዲነግርህ እንደምትፈልግ ሰላም ሳለ ለአጎትህ ንገረው። ለወኪልህ ደግሞ በወር ስንት እንደምትከፍለው።