ሆቴሉ ታደሰ ወይስ ተለሰነ?

ጣና ዳር ካሉት የቆዩ ሆቴሎች አንዱ ታደሰ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። የድንጋይ ግንቡ በሲሚንቶ ተለስኗል። የእንጨት መስኮቶቹ ወጥተው አሉሚኒየም ገብቷል። በረንዳው ደግሞ በመስታወት ተዘግቷል። ቡና አዝዤ ተቀመጥኩ፤ ሐይቁ ይታያል፣ ነፋሱ ግን የለም። ሞቆኝ ሳልጨርሰው ወጣሁ።

አንድ ወዳጄ «ምን ቸገረህ? ያረጀ ቤት ነው፣ ዋናው ማማሩ» አለኝ። የእኔ ነገር ግን የትዝታ ብቻ አይደለም። የኖራም ነው።

የድሮ ግንብ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ኖራ ያስተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ይከርምና ጨው ይዞ ልስኑን ይገፋዋል። ባህር ዳር ደግሞ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ያየሁት ግድግዳ ገና ከአሁኑ ግርጌው ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ረገፈ።

ጎንደር ቅርባችን ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር። ኋላ ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በኖራ ተኩት። አንድ ሥራ፣ ሁለት ድካም።

ባህር ዳር እንግዳ መቀበል የለመደችው በ1950ዎቹ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ፤ ሶቪየቶች ያገዙት ፖሊ ቴክኒክ ተከተለ። ያ በረንዳ ስንቱን መሐንዲስና መምህር ሳያስቀምጥ አልቀረም። (አሁን በቦታው የተቀመጠው የፕላስቲክ አበባ ነው።)

ሕጉ አለ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን ይላል። ማንም ቅርስ ብሎ ላልመዘገበው ቤት ግን ማን ይጠይቅለታል? ከተማ አስተዳደሩ የእድሳት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የቆዩትን ቤቶች ዞሮ ይመዝግብ። ግንቡን የሚያይ አንድ ባለሙያም ይላክ።

ባለቤቶቹን ብዙ አልወቅስም። ሲሚንቶ የማያውቅ ግንበኛ የለም፤ በኖራ የሚሠራ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ቢሆንም ክረምቱ ሳይገባ የግርጌውን ልስን ያንሱት። የበረንዳውን መስታወት ካነሱልኝ ደግሞ ቡናዬን ተመልሼ እጨርሳለሁ።