በስሙ ጥሩት

የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳ፣ የዓለም ከተማ፣ የሸዋ ሮቢት ወገኖቼ! ዛሬ የምናገረው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚሳቅባቸው ልጆች ነው፤ ቅር ሊላችሁ ይችላል። ግን እኛው ያጠፋነው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ልማር ከመንዝ ገጠር ወደ ከተማ ስገባ አባቴ ስንቄን በአህያ ጭኖ አደረሰኝ። በሶ፣ ቆሎ፣ ትንሽ የሽሮ ዱቄት። ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ ጠየቀ፤ እጄን አውጥቼ መለስኩ። መልሱ ልክ ነበር። ክፍሉ ግን በአነጋገሬ ሳቀ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «በሶ» ሆነ።

ዓመቱን ሙሉ እጄን አላወጣሁም። ያልገባኝንም አልጠየቅሁም። ፊዚክስ የወደቅሁት ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን «ይድገሙልን» ማለት ስላፈርኩ ነው።

ዛሬም ያው ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሲሰብር ጋቢ ደርቦ የመጣውን ልጅ «ቄሱ መጡ» ይሉታል። ኮንጎ ጫማ ያደረገውን በጫማው ይጠሩታል። ቤቱ ተቃጥሎበት እዚህ የተጠጋውን ልጅ ስም እያለው «ተፈናቃዩ» ይሉታል። ቀሚሷ ላይ ደም ታይቶ የተሳቀባት ልጅ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። ለምን ቀረሽ የሚላት የለም።

ስንነግራቸው «ሙድ ነው እኮ» ይላሉ። ይህን ቃል ልጆቹ ከየት አመጡት? ከእኛ ነው። ገበያ ላይ ባላገሩን ስናላግጥበት፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የአንዱን ወረዳ አነጋገር እያስመሰልን ስንስቅ ልጆቻችን አጠገባችን ነበሩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር እንጮሃለን። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጦርነቱ የዘጋው ትምህርት ቤት አለ፣ መጽሐፍ የለም፣ መምህሩ ደሞዙ አይበቃውም። እነዚህን ሁላችንም እናወራለን። ፈርቶ ዝም ያለውን ልጅ ግን ማንም አያነሳውም። በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር በተካሄደው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና፣ በበለጸጉት አገሮች በወር ቢያንስ ጥቂት ጊዜ በእኩዮቻቸው የሚበደሉ ተማሪዎች በንባብ ከሌሎቹ በአማካይ 21 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ያውም የቤተሰብ የኑሮ ልዩነት ከስሌቱ ወጥቶ ነው። እነሱ ማታ እናታቸው ቤት ይገባሉ። የእኛ ልጅ የሚገባው ማንም ወደማይጠብቀው ኪራይ ቤት ነው።

ስለዚህ አከራዮች ሆይ፣ ለዚያ ልጅ በከተማው ያለ ትልቅ ሰው እናንተ ናችሁ። በወር አንዴ ኪራይ ስትቀበሉ ብቻ አታናግሩት። ለሦስት ቀን ከቤት ካልወጣ በሩን አንኳኩ።

መምህራን፣ ድካማችሁን አውቃለሁ። ግን ክፍሉ ሲስቅ የእናንተን ፊት ነው የሚያየው። እናንተ ከሳቃችሁ ተፈቀደ ማለት ነው። ቅጽል ስሙን አትጥሩ፤ ከዝርዝሩ ላይ ስሙን ከነአባቱ ጥሩት።

የገጠር ወላጆች፣ ስንቅ ስታደርሱ «ጠንክር፣ ቻለው» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ማን ያስቸግርሃል?» በሉት። አባቴ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።

የከተማ ወላጆች፣ የእናንተ ጥያቄ ሌላ ነው። «ልጄን ማን ነካብኝ?» ማለቱን ትችሉበታላችሁ። ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጃችሁን «ክፍላችሁ ውስጥ በስሙ የማይጠራ ልጅ ማነው? ስሙንስ ማን አወጣለት?» በሉት። ዝም ካለ አትቆጡ፤ ነገም ጠይቁት።